ምሳችን በነዳጅ ማደያ፦ ከቨርጂኒያ እስከ ቴክሳስ

ማክሰኞ፤ ከቨርጂኒያ እስከ ደቡብ ካሮላይና

ከቨርጂኒያ እስከ ዳላስ በመኪና እንደምንሄድ ከተወሰነ በኋላ አጎቴ አንድ ሐሳብ አመጡ፤ በመንገዱ ሁሉ ምግብ የምንበላው ነዳጅ በምንቀዳበት ቦታ ብቻ ይሁን አሉኝ። አጎቴን ጋሼ ነው የምላቸው። አሜሪካ ከገቡ ጀምሮ የኖሩት ከባድ መኪና በማሽከርከር ሲሆን፣ ጡረታ ከወጡ ወዲህም መንገድ ላይ ዓይናቸው ቀድሞ የሚያርፈው በመውጫዎቹ ምልክት ላይ ነው። እኔ ግን የነዳጅ ማደያ ምግብ ሲባል ትዝ የሚለኝ በብረት ዘንጎች ላይ ከጠዋት እስከ ማታ የሚሽከረከር ሆት ዶግና በፕላስቲክ ታሽጎ ያላበው ሳንዱች ስለነበር ሐሳቡን አልወደድኩትም። ጋሼ ክርክር አላበዙም። «አንተ ዝም ብለህ ንዳ፤ የት እንደምንቆም እኔ አውቃለሁ» ብለው ቀበቷቸውን አሰሩ።

ወደ ደቡብ የሚወስደውን 95ን ይዘን ከሪችመንድ በታች ፒተርስበርግ ላይ ወደ 85 ታጠፍን። በእነዚህ ኢንተርስቴት በሚባሉ ታላላቅ ጎዳናዎች ላይ ለረጅም ሰዓት የነዳ ሰው ሳያስተውለው የማይቀር ነገር አለ፤ በጎዳናው ዳር ደንና ሣር እንጂ ሱቅ የለም። ይህ በአጋጣሚ የሆነ አይደለም። በፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1956፣ ለጎዳናዎቹ ግንባታ ገንዘብ የመደበው ሕግ በጎዳናው ይዞታ ላይ ነዳጅ ማደያም ሆነ ሌላ የንግድ ቤት እንዳይከፈት ይከለክላል፤ ከ1960 በፊት የነበሩ አንዳንድ የክፍያ መንገዶች ብቻ በቀድሞ ሁኔታቸው እንዲቀጥሉ ተፈቅዶላቸዋል። ስለዚህ የራበው መንገደኛ በየመውጫው ምግብና ነዳጅ የት እንዳለ የሚያመለክተውን ሰማያዊ ሰሌዳ አይቶ ከጎዳናው መውጣት፣ ወደ ከተማው ጠርዝ መጠጋት፣ የአካባቢው ሰው ከሚገበያይበት በር መግባት ይኖርበታል። ለነዳጅ ማደያ ምግብ ማማር ዋናው ምክንያት ይህ ሳይሆን አይቀርም ብዬ ማሰብ የጀመርኩት ግን ከዚህ በኋላ ነው።

የመጀመሪያው ማቆሚያችን ሰሜን ካሮላይና ውስጥ የሚገኝ የሺትዝ ማደያ ነበር። ሺትዝ በ1952 በፔንስልቬንያዋ አልቱና ከተማ የተመሠረተ የቤተሰብ ድርጅት ሲሆን፣ ከተመሳሳይ ግዛት ከወጣው ከዋዋ ጋር ያለው ፉክክር በምሥራቁ ጠረፍ ሰዎችን በቡድን ከፍሎ ያከራክራል። ዋዋ ወተት ሲያከፋፍል ኖሮ በ1964 የመጀመሪያውን የምግብ መደብሩን የከፈተ ነው፤ ነዳጅ መሸጥ የጀመረው ከዚያ በጣም ዘግይቶ ነው። ሁለቱም ምግብ የሚሸጡት ትእዛዝ ሲደርስ እየሠሩ ሲሆን፣ ትእዛዙ የሚሰጠው ደግሞ በጣት በሚነካ ስክሪን ነው።

ስክሪኑን ጋሼ አይወዱትም፤ እኔ ግን ወደድኩት። ጋሼም እኔም የአሳማ ሥጋ አንበላም፤ በባንኮኒ ፊት ቆሞ «ቤከኑን አውጪልኝ፣ ካም አለበት ወይ፣ ቢላዋው ያው ነው ወይ» እያሉ ሰልፉን ማስቆም ደግሞ ለብዙዎቻችን የታወቀ ጭንቀት ነው። ስክሪኑ ግን አይቸኩልም፤ የዳቦውን ዓይነት፣ ቃሪያውን፣ ሽንኩርቱን፣ ስጎውን አንድ በአንድ ይጠይቃል፤ ያልፈለጉትን ቢነኩት ይጠፋል። የዶሮ ሳንዱቼ ጠርዙ በተጠበሰ ዳቦ ተሰናድቶ፣ በወረቀት ተጠቅልሎ፣ ስሜ ሳይሆን ቁጥሬ ተጠርቶ ወጣ። ታላቅ ምግብ ነበር አልልም፤ ትኩስ፣ በልክ ጨው ያለበትና እንደታዘዘው የተሠራ ነበር፤ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ከማያውቁት አገር ይህን ማግኘት ግን ቀላል ነገር አይደለም።

በኮክ ፍሬ ቅርጽ የተሠራውን የጋፍኒ ከተማን ታላቅ የውኃ ጋን በጨለማ አልፈን ግሪንቪል አካባቢ አደርን።

ረቡዕ፤ ከደቡብ ካሮላይና እስከ ሚሲሲፒ

የጾም ቀን በመሆኑ በዚህ ቀን የማደያ ምግብ ዕቅዳችን እንደሚፈርስ እርግጠኛ ነበርኩ። ጋሼ ግን የሚበላውን ያውቁት ኖሯል። በደቡብ ካሮላይናና በጆርጂያ ድንበር አካባቢ ወደሚገኝ አንድ አነስተኛ ማደያ አስገቡኝ፤ በሩ ላይ በእጅ የተጻፈ «የተቀቀለ ለውዝ» የሚል ካርቶን ተለጥፏል። ከውስጥ፣ ከቡና ማሽኑ ጎን፣ ክዳናቸው በእንፋሎት የላበ ሁለት ድስቶች በኤሌክትሪክ እየፈሉ ተቀምጠዋል፤ አንደኛው ጨው ብቻ፣ ሌላው በርበሬና ነጭ ሽንኩርት ያለበት የሉዊዚያና ቅመም። ጭልፋው በሰንሰለት ታስሯል። ሰው ራሱ እየጨለፈ በአረፋ ኩባያ ይሞላና ዋጋውን በኩባያው መጠን ይከፍላል።

የለውዝ ንፍሮ ነው እንግዲህ። ከማሳ ገና የወጣ፣ ያልደረቀ እርጥብ ለውዝ ከነልጣጩ በጨው ውኃ ለብዙ ሰዓታት ይቀቀላል። ለውዝ በዕፅዋት ምደባ የባቄላና የአተር ዘመድ ስለሆነ፣ ሲቆሉት የሚደበቀው ባሕርይው ሲቀቅሉት ብቅ ይላል፤ ይለሰልሳል፣ ጣዕሙም ወደ ጥራጥሬ ያደላል። አበላሉ ሥርዓት አለው። ልጣጩን በጥርስ ጫፍ ላይ ሰንጠቅ አድርጎ መጀመሪያ ውስጡ የተጠራቀመውን ጨዋማ ውኃ መምጠጥ፣ ከዚያ ፍሬዎቹን በምላስ ማውጣት፣ ልጣጩን በባዶ ኩባያ መጣል። ውኃውን ሳይመጥ የሚከፍት ሰው ሸሚዙ ይመሰክርበታል። ጥሩው ለውዝ ውስጥ ሦስት ፍሬ ይገኛል፤ አንዳንዴ ልጣጩ ራሱ ከመልፋቱ የተነሣ ከነፍሬው ይታኘካል። ደቡብ ካሮላይና ይህን ምግብ በ2006 የግዛቲቱ ይፋዊ መክሰስ አድርጋ በሕግ ደንግጋለች፤ ከአገሪቱ የለውዝ ምርት ግማሽ የሚሆነውን የምታበቅለው ግን ጎረቤቷ ጆርጂያ ናት፤ ስለዚህም ድስቶቹ ከድንበር ወዲያም ከድንበር ወዲህም ሲፈሉ ይታያሉ።

ከመደርደሪያዎቹም መካከል ጋሼ በጾም ቀን የሚያስሱት አላቸው። የታሸገ ነገር ሁሉ ጀርባው ላይ የተሠራበት ይጻፋልና፣ መነጽራቸውን አውጥተው ያነባሉ፤ የወተት ዱቄት በማይጠረጠርበት ቦታ ሁሉ ይገኛልና። ፍሪቶስ የተባለው የታሸገ የበቆሎ ቺፕስ፣ ተራው ዓይነት፣ ከበቆሎ፣ ከዘይትና ከጨው በቀር ምንም የሌለበት መሆኑን ያወቁት በዚህ ዓይነት ንባብ ነው። ሌላም የሚወዱት ነገር አለ፤ በጠርሙስ ካለ ኮካ ኮላ ጥቂት ጎንጨት ብለው፣ የተቆላ ባለጨው ለውዝ ከከረጢቱ ወደ ጠርሙሱ አፍ ይገለብጡና እየጠጡ ያኝካሉ። ልማዱ የደቡብ ነው፤ ከባልደረቦቻቸው ተምረውት ነው። ቀምሼ አየሁት፤ ጨውና ስኳሩ ተስማምተዋል፤ ለውዙም እስከ መጨረሻው ጉንጭ ድረስ ጥንካሬውን አይለቅም።

ስለ ቡናው ብዙ ባልናገር ይሻላል። ፍሬውን በየሲኒው የሚፈጭ ማሽን ካለ ይጠጣል፤ ከጠዋት ጀምሮ በጋለ ሳህን ላይ የተቀመጠ ማንቆርቆሪያ ከሆነ ግን ለእጅ ማሞቂያ ብቻ ነው።

አትላንታን በመኪና ጭንቅንቅ፣ በርሚንግሃምን በዝናብ አለፍን። በ22 ቁጥር መንገድ ወደ ሚሲሲፒ ገብተን ቱፔሎ ላይ ወደ ኦክስፎርድ ስንታጠፍ እኩለ ሌሊት ደርሶ ነበር። ኦክስፎርድ የሚሲሲፒ ዩኒቨርሲቲ ከተማ ናት፤ ተማሪዎቿ በሌሊት የሚሰለፉት ደግሞ አራት ማዕዘን በሚባለው መስቀለኛ መንገድ ላይ ባለው የቼቭሮን ማደያ ነው። የሚሸጠው በእንጨት የተሰካ የዶሮ ጥብስ ነው። አጥንት የሌለው የዶሮ ሥጋ በሹል ቀጭን እንጨት ይሰካል፣ በሊጥ ይነከራል፣ በጥልቅ ዘይት ይጠበሳል። ሰዓቱ ከእኩለ ሌሊት ስላለፈ ጾሙም አብሮ አልፏል ብለን ከተማሪዎቹ ኋላ ተሰለፍን። እንጨቱን በሁለት እጅ እንደ በቆሎ እሸት ይዞ፣ ከነዳጅ መቅጃው መብራት በታች ቆሞ መብላት የሌሊቱ ደንብ ይመስላል፤ ሳህን የሚጠይቅ አላየሁም። ሽፋኑ ወፍራምና ብስኩትማ ነው፤ በርበሬው ከኋላ ይመጣል። ጋሼ አንድ ጨርሰው «ሌላ ጨምር» ብለው ገንዘብ ሰጡኝ።

ሐሙስ፤ የሚሲሲፒ ዴልታ

ከኦክስፎርድ በስተምዕራብ ኮረብታው በድንገት ያልቅና ምድሩ ይለጠጣል፤ ዴልታ የሚባለው የጥጥና የአኩሪ አተር ሜዳ ይጀምራል። እዚህ ያለው 61 ቁጥር መንገድ ኢንተርስቴት ስላልሆነ ማደያዎቹ ቀጥታ በመንገዱ ዳር ተቀምጠዋል። በብዙዎቹ ትናንሽ ከተሞች ሱፐርማርኬት ወይ የለም ወይ ሩቅ ነው፤ ስለዚህ ማደያው ዳቦም፣ ወተትም፣ የዓሣ ማጥመጃ ትልም፣ ምሳም የሚገኝበት ቦታ ሆኗል።

ጋሼ ቦታ የሚመርጡበትን ዘዴ የገለጹልኝ ክላርክስዴል አካባቢ ነው። ከቀኑ ስድስት ሰዓት ገደማ በማደያው ግቢ የቆሙትን መኪኖች ይቆጥራሉ፤ መሰላል የተጫነባቸው፣ ጭቃ የነካቸው፣ የአካባቢው ሰሌዳ ያላቸው የሥራ መኪኖች ከበዙ ይገባሉ። ከመስታወቱ ኋላ ሽርጥ ያደረገ ሰው ከሌለ፣ ምግቡ ብቻውን መብራት ሥር ከተቀመጠ፣ ነዳጅ ብቻ ቀድተው ይወጣሉ። «ሠራተኛ ሰው በሰላሳ ደቂቃ ዕረፍቱ መጥፎ ነገር ሁለት ጊዜ አይበላም» ይላሉ። ዘዴው በምክንያት የቆመ ነው። የምግብ ደኅንነት ደንቡ ትኩስ ሆኖ የሚቆይ ምግብ ከ135 ዲግሪ ፋራናይት፣ ማለትም ከ57 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ እንዳይወርድ ያዝዛል፤ ይህ ከሕመም ያድናል እንጂ ጣዕምን አይጠብቅም። የተጠበሰ ዶሮ በማሞቂያው ውስጥ ሲቆይ ከሥጋው የሚወጣው እንፋሎት ሽፋኑን ያላሽቀዋል። ምግቡ ሳይቆይ የሚሸጥበት ቤት፣ ማለትም ሰልፍ ያለበት ቤት፣ በስድስት ሰዓት የሚያቀርበውና ያው ቤት ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሚያቀርበው ሁለት የተለያየ ምግብ ነው።

የገባንበት ማደያ በምሰሶው ላይ የታላቅ ነዳጅ ኩባንያ ምልክት ሰቅሏል። ይህ ግን ብዙ አይናገርም፤ በአሜሪካ ካሉት ኮንቪንየንስ ስቶር ከሚባሉ ከ150,000 በላይ አነስተኛ መደብሮች አብዛኞቹ ነዳጅ የሚሸጡ ሲሆኑ፣ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት አንድ ሱቅ ብቻ ባላቸው ሰዎች የተያዙ ናቸው። ምልክቱ የኩባንያው፣ ምድጃው የባለቤቱ ነው። ለባለቤቱ ደግሞ ከአንድ ጋሎን ቤንዚን የካርድ ክፍያውና ወጪው ተቀንሶ የሚተርፈው ጥቂት ሳንቲም ብቻ ነው። ነዳጁ ሰውን ወደ ግቢው ያመጣል፤ ኪራዩን የሚከፍለው ከውስጥ የሚሸጠው ቡና፣ ለስላሳና ትኩስ ምግብ ነው። ስለዚህ ማእድ ቤቱ በነዳጁ ላይ የተጨመረ ትርፍ ነገር ተደርጎ ሲታይ የተገላቢጦሽ ነው፤ የእንጀራ ገመዱ እርሱ ነው። ይህን ካወቅሁ በኋላ በማደያ ጥሩ ምግብ ማግኘት መገረም ያለበት ነገር አልመሰለኝም፤ ይልቅ የሚገርመው ብዙዎቹ ማደያዎች ለምግቡ አለመልፋታቸው ነው።

እዚህ የበላነው ታማሌ ነው፤ በበቆሎ ሊጥ ውስጥ ሥጋ ተደርጎ በበቆሎ ልባስ የሚጠቀለል ምግብ። የሜክሲኮው ምግብ በዴልታ ሌላ መልክ ይዟል፤ አነስ ይላል፣ ሊጡ በተራ የበቆሎ ዱቄት ይሠራል፣ በእንፋሎት ከመብሰል ይልቅ ቅመም በበዛበት ውኃ ውስጥ ይቀቀላል። እንዴት ወደዚህ እንደመጣ ከሚነገሩት ታሪኮች አንዱ፣ በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በጥጥ ማሳው አብረው የሠሩ የሜክሲኮና የጥቁር አሜሪካውያን ሠራተኞች ምሳቸውን ሲካፈሉ ነው የሚለው ነው፤ ትኩስ ሆኖ የሚቆይ፣ በልባሱ ተጠቅልሎ በእጅ የሚያዝ ምግብ ለማሳ ይመቻልና። ብዙ ጊዜ የሚሠራው ከአሳማ ስለሆነ ጠየቅን፤ ሴትዮዋ «የዛሬው የበሬ ነው፣ የኔ ልጆች» ብለው ግማሽ ደርዘን በክር የታሰረ ታማሌ ከድስቱ አወጡልን። ክሩ ሲቆረጥ የበቆሎው ልባስ ይከፈታል፤ ከውስጡ ቀይ ቅባት ያለው መረቅ በሳህኑ ይፈሳል። አብሮ የሚሰጠው ጨዋማ ደረቅ ብስኩት መረቁን ለማጥቀሻ ነው። ሥጋው ከሊጡ የት ላይ እንደሚለይ ማወቅ አይቻልም። ጋሼ ላባቸውን በሶፍት እየጠረጉ ሦስቱንም ጨረሱ።

ለጥንቃቄ ያህል አንድ ነገር ልጨምር። አሳማ የማይበላ ሰው በዚህ አገር መጠንቀቅ ያለበት ከሥጋው ይልቅ ከአትክልቱ ነው። ጎመኑ፣ አረንጓዴው ባቄላ፣ ነጩ አደንጓሬ በልማድ የሚቀቀሉት ከተጨሰ የአሳማ አጥንት ጋር ነው። ቢጠይቋቸው አይደብቁም፤ እንዲያውም «አሳማ ሳይገባበት ምኑን ይጣፍጣል?» ብለው ይገረማሉ።

ዓርብ፤ ከዴልታ እስከ ሉዊዚያና

ሚሲሲፒ በኩሬ የሚረባ አምባዛ በማምረት ከአሜሪካ ግዛቶች ቀዳሚ ናት፤ ውኃ የማያሰርገው የዴልታ ሸክላ አፈር ለኩሬ ስለሚመች ቀድሞ ጥጥ ይዘራበት ከነበረው መሬት ብዙው ለዓሣ ተቆፍሯል። ዓርብ ጠዋት ከሞቴል ስንወጣ ዓሣ በጾም ይበላል ወይስ አይበላም የሚለውን ክርክር ከጋሼ ጋር ጀመርን፤ ቪክስበርግ ስንደርስም አላለቀም። እርሳቸው ፍሪቶሳቸውንና ሙዛቸውን ያዙ። እኔ ይበላል ባይ ስለሆንኩ በአንድ ማደያ ባንኮኒ ፊት ቆምኩ።

ዓሣው ሲታዘዝ ነበር የሚጠበሰው፤ ጠባቂ ከነበርነው አንዱ የነዳጅ ቦቴ ሾፌር ነው። በበቆሎ ዱቄት የተለወሰው ቁራጭ ዘይት ውስጥ ሲገባ ጠርዞቹ ወደ ላይ ይጠቀለላሉ፤ ሴትዮዋ የሚያወጡት ቀለሙን አይተው ሳይሆን ድምፁን ሰምተው ነው፤ የዘይቱ ጩኸት ሲቀንስ ውኃው አልቋል፣ ዓሣው በስሏል ማለት ነው። በአረፋ ሣጥን ውስጥ ሁለት ቁራጭ ነጭ ዳቦ ያነጥፉና ዓሣውን ከላይ ያደርጉታል። ዳቦው በመጀመሪያ ሲታይ ለይስሙላ የተቀመጠ ይመስላል፤ ሥራው ግን ከዓሣው የሚወርደውን ዘይት መጠጣት ነው፤ ዓሣው ከሥሩ ሳይርስ ይቆያል፤ በመጨረሻ ደግሞ ቅመምና ዘይት የጠጣው ዳቦ በኮምጣጤ በርበሬ ተነክሮ ራሱን የቻለ ጉርሻ ይሆናል። ከጎኑ የተጠበሰ ባሚያ ነበረው። ባሚያ የማይወዱ ሰዎች የሚጠሉት ልጋጉን ነው፤ በዱቄት ተለውሶ ሲጠበስ ልጋግ የሚባል ነገር አይቀርለትም። በመኪናው መከለያ ላይ አስቀምጬ ቆሜ በላሁ። ጋሼ ሽታውን ችለው፣ መስኮቱን ዘግተው ጠበቁኝ።

በናቸዝና በባተን ሩዥ በኩል ላፋየት ገባን። ሌላ የሚነገር የለም፤ መንገዱ ረጅም ነበር።

ቅዳሜ፤ ስኮትና ሂዩስተን

ከላፋየት ወጣ ብላ የምትገኘው ስኮት የምትባል ከተማ ራሷን የዓለም የቡዳን ዋና ከተማ ትላለች። ቡዳን የሚባለው ከአሳማ ሥጋ፣ ከጉበት፣ ከሩዝ፣ ከሽንኩርትና ከበርበሬ ተሠርቶ በአንጀት የሚሞላ ቋሊማ ሲሆን፣ የደቡብ ሉዊዚያና ሰው የሚገዛው በአብዛኛው ከሥጋ ቤትና ከማደያ ነው። ለእኛ የሚሆን አልነበረም፤ ግን ሳላይ ማለፍ አልፈለግሁም። በግቢው አንድ ሽማግሌ የፒክአፕ መኪናቸውን የኋላ ክዳን አውርደው፣ የቅባት ወረቀት ዘርግተው እየበሉ ነበር። የቋሊማውን ጫፍ በጥርሳቸው ይይዙና በጣታቸው ከኋላ እየገፉ ሩዙን ወደ አፋቸው ያወጡታል፤ ባዶውን አንጀት በወረቀቱ ጥግ ያኖሩታል። ዕቃ አያስፈልግም፣ ጠረጴዛ አያስፈልግም። የምመለከታቸው መሆኑን አይተው አንድ ቁራጭ ዘረጉልኝ፤ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ አመሰገንኩ፤ እርሳቸውም ምክንያቱን ሳይጠይቁ ባርኔጣቸውን ነካ አደረጉ።

እኛ ዶሮ በላን። በብዙ ግዛቶች በየማደያው የሚታየው ክሪስፒ ክራንቺ ቺክን የተባለው የዶሮ ጥብስ የተጀመረው እዚሁ ላፋየት በ1989 ነው፤ ባለማደያው ዕቃውንና ቅመሙን ገዝቶ በራሱ ሱቅ ጥግ ይጠብሳል። ከሚሲሲፒው በኋላ ይህኛው ለእኔ ተራ ሆነብኝ፤ ጋሼ ግን አልተስማሙም።

ወደ ሂዩስተን በሚወስደው በ10 ቁጥር መንገድ ላይ ጋሼ ስለ ኦክላሆማ አጫወቱኝ። በ40 ቁጥር መንገድ ሲመላለሱ ሴይር አካባቢ በከባድ መኪና ማቆሚያ ውስጥ የፑንጃብ ምግብ ቤት ነበር፤ በአሜሪካ የጭነት ሥራ በርካታ የፑንጃብ ተወላጆች ስለተሰማሩ፣ ምስር ወጥ፣ ትኩስ ቂጣና ቅመም ያለው የወተት ሻይ የሚያቀርቡ ማቆሚያዎች በዚያ መንገድ ተከፍተዋል። «ለረቡዕና ለዓርብ ከዚያ የተሻለ አልነበረም» አሉ፤ ምስሩን በቅቤ እንዳይሠሩላቸው ለማስረዳት የፈጀባቸውን ጊዜ ግን አልደበቁም።

እሑድ፤ ሉሊንግ፣ ዌስት፣ ዳላስ

ከሂዩስተን በስተምዕራብ ሉሊንግ ላይ በ2024 የተከፈተው «በኪስ» የተባለው ድርጅት የማደያ መደብር 75,000 ካሬ ጫማ ስፋትና 120 የነዳጅ መቅጃዎች አሉት። ሕንጻውን ከሩቅ ያየ ሰው አውሮፕላን ጣቢያ ቢለው አይፈረድበትም። በኪስ በ1982 በቴክሳስ ሌክ ጃክሰን አካባቢ የተጀመረ ድርጅት ሲሆን፣ ከባድ መኪናዎችን በግቢው አያስተናግድም። ጋሼ ይህን ሁሉ ዘመን የቴክሳስን መንገድ ሲያርሱት ኖረው በዚህ በር የገቡት ዛሬ ነው።

ከበሩ አጠገብ የሠራተኞቹ የሰዓት ደመወዝ በየሥራ መደቡ በትልቅ ሰሌዳ ተጽፏል፤ ጋሼ ቆመው አንዱንም ሳያስቀሩ አነበቡት። መጸዳጃ ቤቱ የድርጅቱ መኩሪያ ነው፤ በእርግጥም ብዙ ሆቴሎችን ያሳፍራል። አንድ ሙሉ ግድግዳ በቋንጣ ተሞልቷል፤ በርበሬ ያለው፣ ጣፋጩ፣ የተጨሰው በየመስታወቱ ተደርድሮ በሚዛን ይሸጣል። በመሀል ላይ ባለው ክብ ባንኮኒ ቀይ ሸሚዝ የለበሱ ሠራተኞች ለሰዓታት በእንጨት ጢስ የበሰለ ፍርምባ በሰፊ መክተፊያ ላይ ያወርዳሉ። አዲስ ፍርምባ በወረደ ቁጥር አንዱ ይጮኻል፣ ሌሎቹም ተቀብለው ይጮኻሉ፤ ሕዝቡም ጀርባውን ለቋንጣው ሰጥቶ ወደዚያ ይጎርፋል። ሥጋው ሲቆረጥ ከጥቁሩ ቅርፊት ሥር ቀይ ቀለበት ይታያል። ትኩሱን ለማግኘት ጩኸቱን መጠበቅ እንጂ አስቀድሞ ተጠቅልሎ ከተደረደረው ማንሳት አያዋጣም፤ ሁለቱንም ገዝተን አመሳክረናል። ፍርምባውን ጣፋጭ ስጎ ስለሚበዛበት እኔ ያለ ስጎ መረጥኩ።

ቢሆንም የዴልታው ማደያ ይበልጥብኛል። በኪስ የትም ቢከፈት ያው እንዲሆን ታስቦ የተሠራ ነው፤ ፍርምባው አላባማ ውስጥም ቢበላ ይኸው ነው። የታማሌዋ ሴትዮ ግን የሚሠሩት ነገ ተመልሶ ለሚመጣ ጎረቤት ነው፤ መንገደኛው የሚበላው ከዚያ የተረፈውን ዕድል ነው። ጋሼ በዚህ ላይ ተቃወሙኝ፤ ለደከመው ሾፌር የሚያስፈልገው በሄደበት ሁሉ የማይለወጥ ነገር ነው፣ ጎረቤት የሌለው ሰው ምን ያድርግ አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ኦስቲንንና ዌኮን አልፈን ዌስት ገባን። ስሟ ዌስት ይሁን እንጂ ከተማዋ ያለችው በመካከለኛው ቴክሳስ ነው፤ በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ከቦሄሚያና ከሞራቪያ የመጡ ቼኮች ከብበው የሰፈሩባት ናት። በ35 ቁጥር መንገድ ዳር ያለው ቼክ ስቶፕ ነዳጅ ማደያም ዳቦ ቤትም ሆኖ ሌት ተቀን ክፍት ነው። የሚሸጠው ኮላቼ፣ በእርሾ በተነሣ ለስላሳ ሊጥ መሀል ላይ ፍራፍሬ ወይም አይብ የሚደረግበት ጣፋጭ ዳቦ ነው። ቋሊማ የተጠቀለለበትንም አሜሪካኖቹ ኮላቼ ይሉታል፤ ቼኮቹ ግን ክሎባስኒክ ነው ብለው ያርማሉ። እሑድ ከሰዓት በኋላ ሰልፉ እስከ ማቀዝቀዣዎቹ ደርሶ ነበር፤ ሠራተኞቹ ትሪ እየለወጡ ስለሚመላለሱ የደረሰኝ የአፕሪኮት ኮላቼ ከታች ያለውን ወረቀት ያሞቀ ነበር። ሊጡ ሲጫኑት ይሰምጥና ቀስ ብሎ ይመለሳል፤ ፍራፍሬው ጎምዛዛ ነው፤ ከላይ የተነሰነሰው የስኳርና የቅቤ ፍርፋሪ ጎምዛዛውን ያለዝበዋል። የፖፒ ዘር ያለበትን ጋሼ ወሰዱ።

ምሽት ላይ የሚጠብቁን ዘመዶች ዳላስ ነበሩ። ዳላስ የዚህ ሁሉ ነገር መነሻ ናት ማለት ይቻላል፤ በ1927 በረዶ የሚሸጥ አንድ ድርጅት በዚያ ከበረዶው ጎን ወተት፣ ዳቦና እንቁላል ማቅረብ ጀመረ፤ ኋላም በ1946 ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እስከ ምሽቱ አምስት ሰዓት ክፍት መሆኑን ለማሳወቅ ሰቨን ኢለቨን ተባለ። ጋሼ ግን ያሳሰባቸው ታሪኩ አልነበረም። «ሰው ቤት ባዶ እጅ አይገባም» ብለው ወደ ሰልፉ ተመለሱና የአፕሪኮት፣ የቼሪና የአይብ ኮላቼ የተደባለቀበት ሁለት ደርዘን በሣጥን አስሞሉ።

የቤቱ እመቤት ሣጥኑን ከፍተው አንዱን ቀመሱና የየትኛው ኬክ ቤት እንደሆነ ጠየቁ። ጋሼ ጫማቸውን እያወለቁ «የማደያ ነው» አሏቸው፤ እርሳቸው ቀልድ መስሏቸው ሳቁ፤ ሁለተኛውን ግን አነሡ።